በሻይ ውስጥ የሟሟ ምግብ

የተጨመረ ስኳር የሚባለው በምግቡ ወይም በመጠጡ ውስጥ በተፈጥሮ ያልነበረ፣ ፋብሪካው፣ አብሳዩ ወይም ጠጪው ራሱ ያስገባበት ስኳር ነው። ሻይ ላይ የሚደረገው፣ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሟሟው፣ በኬክ፣ በብስኩትና በማርማላታ ውስጥ ያለው ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሰፋ አድርጎ «ነጻ ስኳር» ይላል፤ በዚህ ውስጥ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ይገባሉ። ሙሉ ብርቱካን ወይም ወተት ውስጥ ያለው ስኳር አይቆጠርም። ስለዚህ «ስኳር ትቻለሁ፣ ሻዬን በማር ነው የምጠጣው» የሚል ሰው በድርጅቱ አቆጣጠር ምንም አልተወም። እንዲያውም ማር ክብደት ስላለው አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 20 ካሎሪ ያህል ሲይዝ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚይዘው 16 ገደማ ነው። ጁስ ቤት ገብቶ «ስኳር እንዳይገባበት» ብሎ የብርቱካን ጁስ የሚያዝም ከሒሳቡ አያመልጥም። ሦስት አራት ብርቱካን ልጦ፣ አላምጦ ለመጨረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ጭማቂው ግን በጥቂት ጉንጭ ያልቃል፣ አብዛኛው አሰርም መጭመቂያው ላይ ይቀራል።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ነጻ ስኳር በቀን ከሚወሰደው ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ ማነስ እንዳለበት አሳስቧል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ጠቁሟል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ወይም 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ 5 በመቶው ደግሞ የዚህ ግማሽ። አሥራ ሁለት ማንኪያ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ኮካ ኮላ ብቻውን 35 ግራም ያህል ስኳር አለው።

«እኔ ጣፋጭ ብዙም አልወድም» የሚል የከተማ ሰው ውሎ ይታሰብ። ጠዋት አንድ ሻይ በሦስት ማንኪያ፣ ረፋድ ላይ ማኪያቶ በሁለት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሻይ በሦስት፣ አመሻሽ ላይ ሁለት ስኒ ቡና በሁለት በሁለት ማንኪያ። አሥራ ሁለት ሞላ፤ 48 ግራም ነው። ከምሳ ጋር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከተጨመረ ወደ 80 ግራም፣ በካሎሪ 320 ገደማ ይደርሳል። ኬክ አልበላም፣ ከረሜላም አፉ አልገባም። ስኳሩ ሁሉ የገባው በፈሳሽ ነው፣ በሰዓቱም «በላሁ» ብሎ የቆጠረው የለም።

ፈሳሽ መሆኑ ለክብደት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሙከራ 15 ሰዎች በቀን 450 ካሎሪ ስኳር ለአራት ሳምንት በከረሜላ፣ ለሌላ አራት ሳምንት ደግሞ በለስላሳ መጠጥ እንዲወስዱ ተደረገ። ከረሜላውን ሲበሉ ሰዎቹ ሳያስቡት ከሌላው ምግባቸው ቀነሱ። ለስላሳውን ሲጠጡ ግን ከምግባቸው የቀነሱት አልነበረም፤ መጠጡ እንደ ትርፍ ተደረበና ክብደታቸው ጨመረ። ሙከራው ትንሽ ነው፣ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። በሆላንድ 641 ሕፃናት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ግን ጠንከር ያለ ነው። ግማሾቹ በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር ስኳር ያለው መጠጥ፣ ግማሾቹ ያንኑ የሚመስል ስኳር አልባ መጠጥ ሲሰጣቸው የትኛውን እንደሚጠጡ አያውቁም ነበር። ከ18 ወር በኋላ ስኳር አልባውን የጠጡት በአማካይ አንድ ኪሎ ያህል ያነሰ ክብደት ነበር የጨመሩት። አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የተለወጠው።

ስኳር ከሌላው ምግብ ተለይቶ የሚያወፍር ምትሃት አለው ወይ? በዚህ ጉዳይ የሚወራውና የተጠናው እየቅል ነው። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓለም ጤና ድርጅት ብለው ያለፉትን ሙከራዎች ሰብስበው የመረመሩበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ምግባቸው ሳይመጠን ስኳር ብቻ የቀነሱ አዋቂዎች በአማካይ 0.8 ኪሎ ቀንሰዋል፤ የጨመሩት 0.75 ኪሎ ያህል ጨምረዋል። ስኳሩ ወጥቶ በቦታው እኩል ካሎሪ ያለው ሌላ ካርቦሃይድሬት ሲገባ ግን ክብደት አልተነቃነቀም። አንድ ግራም ስኳርም ሆነ አንድ ግራም የዳቦ ስታርች አራት ካሎሪ ነው። የስኳር ግማሽ የሆነው ፍሩክቶስ በአብዛኛው የሚፈጨው በጉበት መሆኑና ሲበዛ እዚያው ወደ ስብ መለወጡ ለጉበት ጤና የሚያሳስብ ነገር ነው። ሚዛኑ ላይ የሚታየውን ለውጥ ግን በዋናነት የሚወስነው ጠቅላላው ካሎሪ ነው። የስኳር ጥፋት ሳያጠግብ መግባቱ ነው።

ከዚህ ተነስቶ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚገባ መገመት ይቻላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡት ስሌት፣ አንድ አዋቂ በቀን ከሚወስደው 24 ካሎሪ በቋሚነት ቢቀንስ ውሎ አድሮ አንድ ኪሎ ይቀንሳል ይላል፤ ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት፣ የቀረው አብዛኛው እስከ ሦስተኛው ዓመት። ከላይ የተጠቀሰው ሰው በሻይ፣ በማኪያቶና በቡና የሚወስደው 12 ማንኪያ 192 ካሎሪ ነው። ሁሉንም ቢተውና በምትኩ ምንም ባያስገባ በጊዜ ብዛት 8 ኪሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት 4 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በግማሽ ቢቀንስ የዚህ ግማሽ። «በአንድ ወር አሥር ኪሎ» ለሚለው ማስታወቂያ ይህ ቁጥር አሳፋሪ ነው፤ ለሰውነት ግን ትክክለኛው ፍጥነት እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ የወረደለት ሰውም ሁሉንም ስብ ነው ብሎ አይደሰት። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያጠራቅመው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት የክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ክምችቱ ሲጎድል ውኃውም አብሮ ይወጣል፣ ሲሞላም ይመለሳል።

«በምትኩ ምንም ባያስገባ» የሚለው ሐረግ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ስኳር የተወበትን ሻይ በቦምቦሊኖ ወይም በአንድ ዳቦ የሚያጅብ ሰው የተወውን መልሶ ወስዷል። ጾም ሲገባም እንዲሁ ነው። ሥጋና ወተት ሲቀር ሻይ በዳቦ ይበዛል፣ ስፕሪስና አቮካዶ ጁስ ይደጋገማል፣ ለስላሳም መቼም ቢሆን የጾም ነው። የጾም ኬክ እንቁላልና ቅቤ የለበትም፤ ስኳሩ ግን አይጾምም። በረመዳንም በተለይ በዓረብ አገሮች ከማፍጠሪያው ማዕድ የማይጠፋው ቪምቶ የተባለ ጣፋጭ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ባዶ ለዋለ ሆድ በፍጥነት ብዙ ስኳር ያቀብላል።

ያለ ስኳር መልመዱ ቀስ በቀስ ነው ወይስ በአንዴ? ከሁለቱ አንዱ ይበልጣል ብሎ መከራከር ብዙም አይጠቅም፤ ምላስ ግን እንደሚለወጥ ታይቷል። በአሜሪካ ለሦስት ወር ስኳር እንዲቀንሱ የተደረጉ ሰዎች መጨረሻ ላይ የቀረበላቸውን ያንኑ ፑዲንግ ከድሮው ይልቅ በጣም ጣፋጭ ሆኖ አገኙት። ለጣፋጭ ያላቸው ፍቅር ግን አልቀነሰም፤ ይህ መረሳት የለበትም። ሻይ ላይ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሔል ሲበዛ መዓዛው የጎደለውን ጣዕም ይሸፍናል። ለቡና ደግሞ አገሩ ከጥንት መላ አለው፦ ጤና አዳም። በገጠር ቡና በጨው የሚጠጣበት አካባቢ ዛሬም ብዙ ነው፤ ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. በመሆኑ ስኳር የሞላበት ስኒ የሚመስለውን ያህል ጥንታዊ ልማድ አይደለም። ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ጨውም መፍትሔ አይሆንም። ከምሳ ጋር የሚፈለገው የለስላሳው ጋዝ ከሆነ ጣዕም ያልተጨመረበት አምቦ ውኃ አለ። ካፌ ውስጥ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ተደርጎ ከመምጣቱ በፊት «ስኳሩን ለብቻው» ማለት ያስፈልጋል፤ ተማስሎ ከመጣ በኋላ ማውጫ የለውም። አስቸጋሪው እንግድነት ነው። ጋባዧ ስኳር ማሳነስን እንደ ስስት ስለምታየው ያለ ስኳር የሚጠጣ እንግዳ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስረዳቱ አይቀርም።

ከመጠጡ ቀጥሎ መታየት ያለበት የታሸገው ምግብ ነው። በማሸጊያ ላይ የምግቡ ይዘት በክብደት ከከፍተኛው ጀምሮ ወደ ዝቅተኛው ስለሚዘረዘር ስኳር ከፊት ከተጻፈ ብዙ ነው ማለት ነው። ስሙ ግን አንድ አይደለም፤ ሱክሮስ፣ ዴክስትሮዝ፣ ማልቶዝ፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የበቆሎ ሽሮፕ ሁሉም ያው ቤተሰብ ናቸው። የካቻፕ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ስኳር ነው። ፍራፍሬ የሚል ሥዕል ያለበት እርጎና የቁርስ ኮርንፍሌክስም መታየት አለባቸው። አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች ሥራው ቀሏል፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ መሠረት የተጨመረው ስኳር በማሸጊያው ላይ ራሱን ችሎ በግራም ይጻፋል።

ስኳርን በሚተኩ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች ላይ ምክሩ የተደባለቀ ይመስላል። የሆላንዱ ጥናት ስኳር አልባው መጠጥ ከባለስኳሩ እንደሚሻል አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል እነዚህን ማጣፈጫዎች አለመጠቀም ይሻላል ብሏል፤ ለረጅም ጊዜ ጥቅም መስጠታቸው አልታየም በሚል። ሁለቱ ግን አይጣሉም። በቀን ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ለለመደ ሰው ስኳር አልባው ለጥቂት ወር መሸጋገሪያ ሊሆነው ይችላል፤ ለዘለቄታው ግን የሚሻለው ውኃ ነው።

የድርጅቱ የ2023 ምክር የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም፤ እነሱ ሌላም ጥንቃቄ አለባቸው። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የደም ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች የሚመገቡትን ስኳርና ስታርች በድንገት ቢቀንሱ መድኃኒቱ በነበረበት መጠን ሲቀጥል የደም ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸው መጠኑን ሊያስተካክልላቸው ይገባል። ላብ ላብ ሲላቸው፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥና ሲያዞራቸው ቶሎ የሚወስዱት ጥቂት ከረሜላ ወይም ስኳርም ከኪሳቸው መጥፋት የለበትም።