ከሜዳው ዳር የሚፈርደው ሕዝብ

የአዊ ሰው ጉግስ ሲመለከት ዝም አይልም። ዘንጉ ከፈረሰኛው እጅ ሳይወጣ ከሜዳው ዳር ፍርድ ይሰጣል። «ቸኮለ!» ይላል አንዱ። «አልቸኮለም፣ ፈረሱ ነው ያልደረሰለት» ይላል ከጎኑ የቆመው። ሦስተኛው ሁለቱንም ያርማል፦ «ኧረ አያ፣ እናንተ ዘንግ ዘንጉን ታያላችሁ። ልጓሙን ቀድሞ ሳበበት እኮ! ፈረሱ ምን ያድርግ?» ጨዋታው አልቆ አቧራው ከረጋ በኋላ ክርክሩ ይብሳል። ጠላ ቤት ይገባል፣ ማታ እሳት ዳር ይቀጥላል፣ ለከርሞም ያድራል።

ይህን ክርክር ተሸክሞ እዚህ ያደረሰው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሰኞቹ ከየወረዳው ተነሥተው የአዊ ዞን መቀመጫ በሆነችው በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ስለ ሰልፉ ድምቀትና ስለ ፈረሶቹ ጌጥ ብዙ ተነግሯል፤ ካሜራም ተለይቷቸው አያውቅም። እኔ ግን ማስተዋወቅ የምፈልገው ካሜራው ጀርባውን የሚሰጠውን ተመልካች ጭምር ነው። ጉግስ እስከ ዛሬ ጥበብ ሆኖ የቆየው በእርሱ ፍርድ ነውና።

ይህ ተመልካች ማን እንደሆነ ለማወቅ ከአዘና እንጀምር። አዘና ዛሬ የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ስሟ ግን ከከተማዋ በዕድሜ ይበልጣል። የአገው አባቶች ሲተርኩ ሰባት ወንድማማቾች ነበሩ ይላሉ፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል እና ዚገም። ሰባት ቤት አገው መባልም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከሜዳው ዳር ቆሞ «የእኛ ልጅ!» ሲል የሰፈሩን ልጅ ብቻ ማለቱ አይደለም፤ ከቃሉ ጀርባ የቤት ቆጠራ አለ። የአዘናውና የባንጃው ሰው ሲሟገቱ መነሻቸው ወንድማማችነት መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል። ያለ ፍርሃት የሚጯጯኹትም ለዚህ ይመስለኛል። ዝምድናው ያልተረጋገጠ ሰው እንዲህ ደፍሮ አይከራከርም።

የአገው ምድር በፈረስ መታወቁ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ድረስ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ አገዎች ሙሉ ኃይላቸውን ቢያሰልፉ 4000 ፈረሰኛና እጅግ ብዙ እግረኛ እንደሚያወጡ ጽፏል። ብሩስ ራሱ ጎበዝ ጋላቢ ስለነበር የፈረሰኛን ነገር የሚያይበት ዓይን ነበረው።

ፈረስ ደግሞ እዚህ የባለጸጋ ጌጥ ሆኖ አልቀረም። በአብዛኛው የአገራችን ደጋ ሞፈርና ቀንበር የሚጎትተው በሬ ነው፤ በአዊ ግን ፈረስ ተጠምዶ ሲያርስ ይታያል። እህል ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ሬሳ ይሸኛል። ከሜዳው ዳር ቆሞ «ይህ ዳማ ወደ ግራ መታጠፍ አይወድም» የሚለው ገበሬ ነገሩን የሰማው ከሌላ ሰው አይደለም፤ እርሻው ላይ ስንት ጊዜ ሲታጠፍ አይቶታል። የክርክሩ ክብደት ከዚህ ይመነጫል። ቦራውን፣ አምባላዩን፣ መጋላውን ከሩቅ ለይቶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከማን እንደተገዛ፣ ባለፈው ጥምቀት ምን እንደሠራ የሚያውቅ ሕዝብ ነው የሚፈርደው።

ማኅበሩ ልደቱን የሚቆጥረው ከ1932 ዓ.ም ነው፤ 80ኛ ዓመቱን በ2012 ዓ.ም አክብሯል። መታሰቢያነቱ ለዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የተገኘው ድል የዋለው በጊዮርጊስ ዕለት ሲሆን፣ የጎጃምም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መሪነት እዚያው ነበር። ሰውን፣ ስንቅንና መሣሪያን ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ያደረሰው የጋማ ከብት ነው፤ ብዙውም ሳይመለስ ቀርቷል። የፈረሱ ውለታ እንዳይረሳ ነው አባቶች የተሰባሰቡት።

ዓመቱን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። 1932 ዓ.ም ጣልያን አገሩን ይዞ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የወጣው የጎጃም አርበኞች፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጦርና የእንግሊዝ መኮንኖች ሲገፉት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም ነው። ጠላት ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ምድር፣ ያንኑ ጠላት ያሸነፈውን የዓድዋን ፈረስ ለማሰብ መሰብሰብ ቀላል ነገር አልነበረም። ከማኅበሩ ታሪክ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ በየበዓሉም ከዚህ በላይ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ማኅበሩ የአንድ ቀን ማኅበር አይደለም። ከቀበሌ እስከ ዞን የተዘረጋ ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን ጭነው ይሸኙታል፣ ሠርግ ያጅባሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የተቸገረ ይደግፋሉ። እርቅ የለመደ ሽማግሌ የጉግስ ክርክርም ሲመራ ያስታውቃል፤ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፣ ከፈረደም በኋላ ለምን እንደፈረደ ይናገራል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ጉግስ በሁለት ወገን ነው። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። አሳዳጁ ዘንግ ይዟል፣ ሸሺው ጋሻ። አሳዳጁ በግልቢያ ላይ እንዳለ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ወይ በጋሻው ይመክታል፣ ወይ ከፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ፣ ወይ ወደ ጎን ተንጋዶ ያሳልፈዋል። ለጦርነት መለማመጃ የነበረ ጨዋታ ነውና ዘንጉ የቆመው በጦር ፋንታ ነው። ደንቡ ይኸው ነው፤ ሲነገር ይቀላል።

የሚከብደው ጋሻ በግራ እጅ መያዙ ነው። ግራው ተሸፈነ ማለት የሸሺው ቀኝ ጎን ራቁቱን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ያወቀበት አሳዳጅ በቀጥታ ከኋላ አይመጣም፤ ወደ ቀኝ አድልቶ ይጠጋል። ሸሺው ይህን ሲያይ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ፈረሱን አምኖ ቀጥ ብሎ መሸሽ ነው። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ የአሳዳጁን መንገድ መቁረጥ ነው፤ ከቆረጠ አሳዳጁ በግራው፣ በጋሻው በኩል ይቀርለታል። ዋጋው ግን ርቀት ነው። በመቁረጡ በሁለቱ መካከል ያለውን ሜዳ ራሱ ያጠብባል፣ ዘንጉም ከቅርብ ይመጣበታል። እንግዲህ የትኛው ይሻላል? በፈረሱ የሚተማመን «ቀጥ በል!» ይላል። በጋሻው የሚተማመን «ቁረጥ!» ይላል። ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ቀን አለ፤ ለዚህ ነው ክርክሩ መቼም የማይዘጋው።

ከአሳዳጁ ወገንም ያለው ጭንቀት አያንስም። ዘንጉ አንዴ ከእጁ ከወጣ ባዶ እጁን ነው። ቶሎ ቢወረውር ከሩቅ ይሆንና ሸሺው ተመቻችቶ ይመክተዋል፤ ቢያዘገይ ፈረሱ ይደክምና ልዩነቱ ይሰፋል። ደግሞም የሚወረወረው ሰውየው ወዳለበት ሳይሆን ሊደርስ ወዳለበት ነው። የለመዱት ክንዳቸውን አንሥተው ሳይወረውሩ ያስፈራራሉ። ሸሺው ደንግጦ ጋሻውን ካነሣ ለቅጽበት ዓይኑን በገዛ ጋሻው ጋርዷል፤ እውነተኛው ውርወራ ያኔ ይከተላል። ይህን ያየ ተመልካች ጩኸቱ ልዩ ነው። ዘንጉ ባይመታ እንኳ ያወድሰዋል፣ የተወደሰው ሐሳቡ ነውና። ከሜዳው ውጭ ሆኖ ሐሳብ ማየት መቻል ትልቅ ችሎታ ነው፤ ለኔ የጉግስ ተመልካች ከተራ አጨብጫቢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የአካሄድ ነገር አለ። በሶምሶማ መጀመር፣ ወደ ደንገላሳ ማሳደግ፣ ለሽምጥ ግልቢያ ትንፋሽ መቆጠብ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናትና ትንፋሽ በቀላሉ አይገኝም። ወጣቶች መነሻው ላይ ፈረሱን ይጨርሱታል፤ ሽማግሌዎቹ ከሁሉ በላይ የሚቆጡት በዚህ ነው። መሬቱም ይቆጠራል። ዳገት ካለ ማን ወደ ላይ ይሽሽ፣ ፀሐይ በማን ዓይን ትግባ፣ የት ጋ ረግረግ አለ። የጥር ሜዳ ደርቆ ጥሩ ነው ቢባልም ሁሉ ቦታ እኩል አይጠጥርም።

ትልቁ ክርክር ግን የቆየው ነው፦ ያሸነፈው ፈረሱ ነው ወይስ ጋላቢው? ለጋላቢው የሚሟገቱት ተረቱ ከእነርሱ ጋር ነው፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ለፈረሱ የሚቆሙት «ካላደረሰውስ በምን ይዋጋል?» ብለው ይመልሳሉ። ታሪካችን ለሁለተኞቹ ያደላ ይመስለኛል። መሪዎቻችን በገዛ ስማቸው ፋንታ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ፈረሱ ያለ ድርሻ ቢሆን ኖሮ ይህ ክብር አይሰጠውም ነበር። በዓሉ ላይ ሴቶችም ይጋልባሉ፤ በእነርሱ ግልቢያ ጊዜ ይህ ሙግት ይበልጥ ይጦፋል።

ተመልካች ከዳር ሆኖ ስልት የሚያወጣበት ጨዋታ በሌላውም ዓለም አለ። በክሪኬት የአገሮች ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ የመጀመሪያው የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1877 በሜልቦርን፣ በአውስትራሊያና በእንግሊዝ መካከል ነበር። በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በአውስትራሊያ ያለ ተመልካች እነዚያን ቀኖች የሚያሳልፈው «ተከላካዩ እዚያ ጋ መቆም ነበረበት፣ ወርዋሪው መለወጥ ነበረበት» እያለ ነው። ለጉግስ በጣም የሚቀርበው ደግሞ የቱርኮች ጂሪት ነው፤ እዚያም ሁለት ወገን ፈረሰኛ ዘንግ እየተወራወረ ይሳደዳል። ዛሬ ጂሪት ነጥብ ይያዝበታል፤ የመታ ያገኛል፣ ባላጋራው ላይ ደርሶ ሳለ የማረውም ያገኛል፣ ፈረስ የመታ ይቀጣል። እኛ ጋ በበዓሉ ዳኛና ሽልማት ቢኖርም ከዳኛው በኋላ የሚቆመው የተመልካቹ ቃል ነው። ሽልማቱን የወሰደው ይረሳል፤ «ያን ዓመት እንዴት እንደቆረጠ» የሚባልለት ግን አይረሳም።

ይህ ቃል እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ስጋትም አለኝ። በዓሉ እየገነነ ሲሄድ ንግግሩና ሰልፉ ይረዝማል፣ ጉግሱ ያጥራል። ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች መደማመጥ ያቅታቸዋል። በከተማ ያደገው ልጅ ደግሞ ከፈረስ ይልቅ ከባጃጅ ጋር ነው የሚውለው፤ ጌጡን ያደንቃል፣ ልጓም ቀድሞ መሳብ ምን እንደሚያመጣ ግን የነገረው የለም። የሚነግረው ሰው ከጎኑ ቆሟል፤ የሚደማመጡበት ጸጥታ ነው የጎደለው።

ስለዚህ ከአዘና፣ ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከሌሎቹም ቤቶች የመጡ አሮጌ ፈረሰኞች ከእንግዶች ድንኳን ኋላ ሳይሆን ሜዳው ጠርዝ ላይ ወንበር ይሰጣቸው። ጉግሱ ሲጀመር ሙዚቃው ይቁምና ማይክሮፎኑ ለእነርሱ ይተላለፍ፤ የሚያዩትን በአገውኛም በአማርኛም ይናገሩ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ይቅረጸው። ሲመረጡም ሁለት የማይስማሙ ይሁኑ፤ አንዱ ለፈረሱ የሚከራከር፣ አንዱ ለጋላቢው።