ለጠላቂ ዋናተኛ የሚስማማ ልብስ

የሐዋሳን ሐይቅ ፀሐይ ሲያሞቀው አይተው ብርድ የለበትም ብለው አይዘናጉ። ከሰውነት ይልቅ የቀዘቀዘ ውኃ ሁሉ ሙቀትን ይነጥቃል፤ ይህንም የሚያደርገው ከአየር ከሃያ እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ ትንፋሹን ይዞ ለሚጠልቅ ሰው የሚያሞቅ ልብስ ያሻዋል።

ይህን ልብስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሰበው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂዩ ብራድነር ነው። የሚሠራው ኒዮፕሪን ከተባለ ጎማ ሲሆን፣ ሙቀትን የሚጠብቁት በጎማው ውስጥ የታሰሩት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ናቸው።

ሲመርጡ አስቀድመው ልክነቱን ይመርምሩ። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ውኃ እየገባና እየወጣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ደረትን ካስጨነቀ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውኃ ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ለቀዝቃዛ ባሕር ግን 5 ወይም 7 ሚሊሜትር፣ ቆብም ያለው ይመረጣል።

ወፍራም ልብስ ያንሳፍፋልና የእርሳስ ቀበቶ ይታጠቁበታል። ነገር ግን በጥልቀት አረፋው ተጨምቆ ማንሳፈፉም ማሞቁም ስለሚቀንስ፣ ክብደት አያብዙ።

ከሁሉ በላይ ጉማሬ ከሚውልበት ዳር ይራቁ፤ ብቻዎንም አይጥለቁ። ልብስ ብርድን ይከላከላል እንጂ የተቋረጠ ትንፋሽን አይመልስምና።