የዳንግላ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና ዲጂታል መሣሪያዎች

በዳንግላም ሆነ በሌሎች የአዊ ዞን ከተሞች የሚገኝ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አዲስ ዲጂታል መሣሪያ ሲመርጥ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው፣ መሣሪያው ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ማገልገሉን ነው። ኮሊብሪ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚሁ ችግር የተሠራ ሲሆን፣ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች ግንኙነት ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ፣ ከአንድ ኮምፒውተር በአካባቢያዊ መረብ፣ ማለትም በግቢው ውስጥ ብቻ በሚሠራ የመሣሪያዎች ትስስር፣ ለተማሪዎች ይዳረሳሉ።

የላቀ ትኩረት የሚገባው ግን በ2014 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው የሕፃናት ታሪኮች ስብስብ ነው፤ ታሪኮቹ በክፍት ፈቃድ፣ ይኸውም ምንጭን እየጠቀሱ መተርጎምንና ማባዛትን በሚፈቅድ ውል፣ የቀረቡ በመሆናቸው፣ ሠራተኛው ከቋንቋ መምህራን ጋር ሆኖ አንዱን ታሪክ ወደ አካባቢው ቋንቋ፣ ወደ አውኚ፣ መልሶና አትሞ መደርደሪያው ላይ ሊያኖረው ይችላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ለሚጀምር ሕፃን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ማግኘት ያዳግታል።

ኮሃ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ የተሠራው ነጻ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ፣ የመጻሕፍትን ዝርዝር፣ ውሰትና ምላሽ በሚገባ ቢመዘግብም የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሚሻ፣ ጥቂት መቶ መጻሕፍት ላሉት ክፍል ኤክሴል ይበቃል።

በአንድ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ብቻውን የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሙያ አጋር የሚያገኘው ከግቢው ውጭ በመሆኑ፣ የዳንግላ፣ የእንጅባራና የቻግኒ ባልደረቦች በቴሌግራም አንድ ቡድን ቢመሠርቱ፣ በአንዱ ትምህርት ቤት የተተረጎመው ታሪክ በዚያው ዕለት ለሌሎቹ ይደርሳል።