ራሱን የተመታ የትዳር ጓደኛን ማስታመም

ሰው በብዙ ምክንያት ራሱን ይመታል። ቤት ሲከድን ከጣራ ይወድቃል። በቅሎ ይጥለዋል። ሴትም ውኃ ቀድታ ስትመለስ ድጥ ያንሸራትታትና ራስዋ ከድንጋይ ይጋጫል። ደም የለም፤ ቁስልም አይታይም። የወደቀው ሰው ተነሥቶ አቧራውን ያራግፍና «ኧረ ደህና ነኝ» ይላል። ነገሩ ግን ገና አላለቀም።

ራስ ቅል የሚለውን ስም እናስተውል። ወተት የምንንጥበት ቅል ሲወዘወዝ ቅሉ አይሰበርም፤ ውስጡ ያለው ወተት ግን ይናጣል። አንጎልም እንዲሁ ነው። ራስ በኃይል ሲመታ አጥንቱ ሳይሰበር አንጎሉ ይናወጣል። ሐኪሞች ይህን የአንጎል መናወጥ ይሉታል። የተናወጠ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። እንዴት እንደ ወደቀ ላያስታውስ ይችላል። ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላዋል።

እንዲህ የሆነ ሰው በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። «ቤት ወስዳችሁ አስታሙት» ከተባለ በኋላ ዋናው ጥበቃ የመጀመሪያው 1 ወይም 2 ቀን ነው፤ በተለይም ሌሊቱ። «ራሱን የተመታ ሰው ከተኛ ይሞታል» እያሉ ሲነቀንቁት የሚያድሩ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። እንቅልፍ ይጠቅመዋል። ይተኛ፤ ብቻውን ግን አይደር። ሐኪሙ ቀስቅሱት ካለ ቀስቅሰን የልጁን ስም እንጠይቀው። ደህና አድርጎ ከመለሰ ተመልሶ ይተኛ።

አልነቃ ካለ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንፈራገጠው፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ሰው መለየት ካቃተው፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ደም ወይም ውኃ የመሰለ ነገር ከወጣ፣ ጎሕ እስኪቀድ አንጠብቅ። በራስ ቅሉ ውስጥ ደም ፈስሶ አንጎሉን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። አምቡላንስ ከተገኘ በአምቡላንስ፣ ካልተገኘ በቃሬዛ ይወሰድ።

ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ይሰጠው። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ አይሰጠው። ጠላና አረቄ እስኪድን ይቅሩ። ወጌሻም አንገቱን አይሽ።

ጠያቂ መምጣቱ ደግ ነው። ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ ሁሉም በየተራው «እንዴት ወደቅህ?» ሲለው ግን ለተናወጠ አንጎል ከባድ ሥራ ነው። ጠያቂን ደጅ ተቀብሎ ቡናውን እዚያው ማጠጣት ነውር የለውም።

ትዳርን የሚፈትን ሌላ ነገር አለ። ዝምተኛው ሰው ቁጡ ይሆናል። ልጅ ሲያለቅስ ይጮኻል። የነገሩትን ይረሳል። ሚስቲቱም «ምን ነካብኝ? ጠባዩ ተለወጠ» ትላለች። ጠባዩ አይደለም፤ ምቱ ነው። አብዛኛው ሰው በ2 ሳምንት ገደማ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ግን ከወር በላይ ይቆይበታል። ከ1 ወይም ከ2 ቀን ዕረፍት በኋላ ቀለል ያለ ነገር ይጀምር፤ ሲያመው ይቀንስ። ጣራ መውጣትና በቅሎ መጋለብ ግን ይቆዩ። ሳይድን ዳግመኛ ቢመታ ጉዳቱ ይከፋልና።

ባል ሲታመም ሚስት ታስታምማለች። ሚስት ስትመታስ? በ3ኛው ቀን ጭስ ውስጥ ተቀምጣ እንጀራ ስትጋግር፣ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ እናያለን። ቁስል ስለማይታይ «ድናለች» ይባላል። ማጎንበስና መሸከም ራስ ምታቱን ያባብሰዋል። እንስራ ተሸክማ ካዞራትም መልሳ ትወድቃለች። ስለዚህ ውኃውን ባል በአህያ ጭኖ ያምጣ። የሚስቅ ይሳቅ። እንጀራውን ጎረቤት ትጋግር፤ ካልሆነም ንፍሮ ያሳድራል።

በ2 ሳምንት ካልተሻላት ወደ ጤና ጣቢያው ትመለስ። ባልም አብሯት ይሂድ፤ ሌሊት እንዴት እንዳደረችና ምን እንደምትረሳ ለሐኪሙ የሚነግረው እሱ ነው።