በቤት ስለሚሠራ የራዲዮ መቀበያና ማስተላለፊያ

ለክብረ መንግሥት፣ ለሻኪሶና ለነገሌ ነጋዴ ወሬም እንደ ሸቀጥ ዋጋ አለው። የቡናና የከብት ገበያ፣ የመንገድ ሁኔታ፣ አዲስ የወጣ የጉምሩክ ደንብ ቀድሞ የደረሰው ነጋዴ ይጠቀማል፤ ዘግይቶ የሰማ ይጎዳል። የኢትዮጵያ ራዲዮ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ከአቃቂ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ መብራትና ስልክ በሚቋረጥበት ጊዜ እንኳ ወሬን ወደ ሩቅ አገር ሲያደርስ የኖረው የአየር ሞገድ ነው። ዛሬ ወጣቶች ይህን መሣሪያ በቤታቸው ለመሥራት ዕቃ ፍለጋ ወደ ሱቅ ስለሚመጡ፣ ባለሱቁም አስመጪውም ነገሩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ቀላሉ መቀበያ ባትሪም መብራትም አይፈልግም። ኃይሉን የሚያገኘው ከጣቢያው ሞገድ ራሱ ነው። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር በሆነ የካርቶን ቱቦ ላይ ቀለም የተቀባ ግማሽ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 80 ጊዜ ይጠመጠማል። ከዚህ ጥቅል ጋር እስከ 365 ፒኮፋራድ የሚደርስ ተለዋዋጭ ኮንደንሰር ሲያያዝ መካከለኛውን ሞገድ ይመርጣል። የጀርማኒየም ዳዮድ ድምፁን ከሞገዱ ይለያል፤ የጆሮ ማዳመጫውም ያሰማል። ከ20 እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አንቴናና ወደ እርጥብ መሬት የገባ ሽቦ የግድ ያስፈልጋል። ደመና ሲያንዣብብ ግን አንቴናውን ከመሣሪያው ነቅሎ ከመሬት ሽቦው ጋር ማገናኘት ይገባል፤ መብረቅ ምሕረት የለውምና።

እዚህ ላይ ባለሱቁ ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ፣ ለተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሸጠው ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ 2000 ኦም ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ባትሪ የሌለው መቀበያ ኃይለኛ ጣቢያ በቅርብ ሲኖር እንጂ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በራቀ ከተማ በሚገባ አይሰማም። ስለዚህ ለእኛ አገር አንድ ወይም ሁለት ትራንዚስተርና ትንሽ ባትሪ መጨመር ይሻላል። ይህን ለገዢው አስቀድሞ የነገረ ሻጭ ደንበኛውን አያጣም።

ማስተላለፊያውም ቢሆን አስቸጋሪ አይደለም። የኳርትዝ ክሪስታል፣ አንድ ትራንዚስተር፣ የሞርስ ቁልፍና በ7 ሜጋኸርትዝ 20 ሜትር ያህል የሆነ አንቴና ካሉ፣ በ1 ዋት ኃይል ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር እየተመለሰ ተራራ ተሻግሮ ሊሰማ ይችላል።

ሆኖም መስማት ሌላ፣ ማስተላለፍ ሌላ ነው። ማስተላለፊያ ያለ ፈቃድ አይሠራበትም። ይህን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ እንኳ የሚጠራው ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. በሚል በተሰጠው ምልክት ነው። ከሁሉ በላይ ነጋዴው የሚያውቀው ይህን ይሁን፦ የአማተር ራዲዮ ለትምህርትና ለልምምድ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ከክብረ መንግሥት እስከ ነገሌ ላለ ሱቅ ዋጋ መላላኪያ ሊሆን አይችልም። ለንግድ የሚሆን ራዲዮ የሚሻ ሁሉ የራሱን ፈቃድ ይጠይቅ፤ አስመጪም ማስተላለፊያ ከማዘዙ በፊት የባለሥልጣኑን ይሁንታ ይያዝ። ያለዚያ ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን ሲቆም፣ የተከፈለው ገንዘብም አብሮ ይቆማል።

መቀበያውን ግን ልጆቻችን ያለ ሥጋት ይሥሩ፤ ሽቦውንና ዳዮዱንም ከሱቃችን ያግኙ።