የመልእክት መስኮትና የነጋዴ ምስጢር

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ቲምስ የተባለውን የሥራ ባልደረቦች መነጋገሪያ ለሊኑክስ ኮምፒውተር በተለየ ፕሮግራም ሲያቀርብ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን አቋርጦ ተጠቃሚው በድረ ገጽ በኩል እንዲሠራ አድርጓል። ይሁን እንጂ በአሳሽ ውስጥ ከብዙ ገጾች መካከል የተቀመጠ መልእክት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ባለሙያዎች ያዘጋጁት ቲምስ ፎር ሊኑክስ የተባለው ፕሮግራም፣ ኤሌክትሮን በተሰኘ መሣሪያ ያንኑ ድረ ገጽ ራሱን በቻለ መስኮት ይከፍታል፤ መልእክት ሲደርስም ያስታውቃል።

ሥራው ያስመሰግናል፤ ነገር ግን የኩባንያው ማኅተም የለበትም። የይለፍ ቃላችንና የዋጋ ድርድራችን የሚያልፉት በዚያው መስኮት ነው። ስለሆነም ማናቸውም ነጋዴ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት፣ ኮዱ ለሕዝብ ግልጽ መሆኑንና በውስጡ ያለው ክሮሚየም የተባለው አሳሽ በየጊዜው መታደሱን ያረጋግጥ። የውል ደብዳቤውን ለማያውቀው መልእክተኛ የሚሰጥ ነጋዴ የለምና።