ስለ ሱስ ሲነገረን ጆሯችን የት ነው?

በጠዋቱ ሰልፍ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ማይክራፎኑ ለፀረ ኤድስ ክበቡ ይሰጣል። አንዷ ተማሪ ወረቀቷን ዘርግታ «ውድ ተማሪዎች፣ ሱስ ለኤች አይ ቪ/ኤድስ ያጋልጣል» ብላ ስትጀምር ከኋላ የተሰለፉት ልጆች ቀሪውን ከእሷ ቀድመው ይጨርሱታል። መልእክቱ አልተሰማም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም በቃል ተሸምድዷል። የተሸመደደ ነገር ከፈተና ማግስት የት እንደሚገባ ደግሞ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ወደ ት/ቤቶች ስንሄድ መምህሩ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሱስ መጥፎ ነው።» መምህሩ ከወጣ በኋላ ነው ወሬው የሚጀምረው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቅሬታ ትምህርቱ የሚያወራውና ተማሪው የሚያየው አለመገናኘታቸው ነው። ፖስተሩ ላይ መርፌና የራስ ቅል ተስሏል። ተማሪው ግን በመርፌ ዕፅ የሚወስድ ሰው በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የሚያየው ከት/ቤቱ አጥር ማዶ በኮባ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ጫት፣ በነጠላ የሚሸጠውን ሲጋራና ቅዳሜ ማታ የሚከፈተውን ቢራ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ የሚያየው እቤቱ ነው። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ያደገ ልጅ ጫት የእንግዳ ማስተናገጃ፣ የዱዓ ማድመቂያ ሆኖ ነው የሚያውቀው። አባቱ ከሰዓት በኋላ ቅሞ በማግስቱ ሥራው ይገባል። ይህን ልጅ «የሚቅም ሁሉ መጨረሻው ሌባ ነው» ብንለው ምን ይሆናል? ወይ አባቱን ይንቃል፣ ወይ እኛን ማመን ያቆማል። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ኮንዶም የምንነግረውንም እውነት በጥርጣሬ ያያል። ማስፈራራት ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ይህ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1983 «ዴር» የተባለ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ስለ ዕፅ ጉዳት ያስተምራል፣ ተማሪዎቹም እምቢ ማለትን ይለማመዳሉ። ወላጅም መንግሥትም ወደደው፣ በመላ ሀገሪቱ ተስፋፋ። ቆይቶ ግን በኬንታኪ ግዛት በስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን የወሰዱ ልጆች ከ10 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ካልወሰዱት ጋር የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፕሮግራሙም በኋላ የማስተማሪያ ይዘቱን ለመቀየር ተገዷል። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መከላከል ጽ/ቤት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያም ማስፈራራት ላይ የተመሠረተ ትምህርት ውጤት እንደማያመጣ ያስረዳል። ይሠራል የሚለው ተማሪው ራሱ የሚናገርበትን፣ የሚከራከርበትንና ውሳኔ የሚለማመድበትን ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ፣ ወደ ጥናትና ጫት እንምጣ። ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ «ለጥናት ብቻ» ተብሎ የሚጀመር በርጫ አለ። ይህንን በሰልፍ ላይ ማንም አያነሳውም። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚቀንስ ነው ጫት ትኩስ ትኩሱን የሚፈለገው። ካቲኖን አንጎልን የሚያነቃቃ ነገር ነውና ልጁ እንቅልፉ ይጠፋል፣ ረሃቡም ይጠፋል። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ነገር የገባው ይመስለዋል። እዚህ ላይ ልጆቹ አይዋሹም፣ በእርግጥም ይመስላቸዋል። ነገር ግን አንጎላችን ያነበበውን አደላድሎ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያነበበ ልጅ ማስቀመጫውን ዘግቶ ዕቃ እንደሚያስገባ ሰው ነው።

ምርቃናው አልወርድ ሲል ደግሞ ጨብሲ ይመጣል። መጀመሪያ ለእንቅልፍ ተብሎ አንድ ቢራ ወይም አረቄ፣ ከዚያ ሁለት። ኤች አይ ቪ ከጫት ቅጠል አይተላለፍም፣ ይሄ ግልጽ ይሁን። አደጋው ያለው ከጨብሲው በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ኮንዶም ኪስ ውስጥ እያለ የሚረሳበት፣ «አይሆንም» ያለችው ልጅ ድምፅ የማይሰማበት ሰዓት ነው። «ሱስ ለኤች አይ ቪ ያጋልጣል» የሚለው መፈክር ሲፈታ ይኸው ነው።

ሌላው በት/ቤት የማይነገረው ስለ ማቆም ነው። ጀምሮ ለማቆም የሞከረ ልጅ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ድብርትና ብስጭት ይይዘዋል፣ ሌሊት ደግሞ የሚያስፈራ ሕልም ያያል። ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት ይህንን ነው። ማንም አስቀድሞ ስላልነገረው ያበደ ወይም የተለከፈ ይመስለውና ዱካኩን ለማባረር ወደ ገረባው ይመለሳል። ዱካክ ግን ሰውነት የለመደውን ነገር ሲያጣ የሚያሳየው ምላሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ድብርቱ ከጠና፣ ሌላ የማይታይ ነገር የሚታየው ወይም የማይሰማ ድምፅ የሚሰማው ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

በየክፍሉ «ሁሉም ይቅማል» ይባላል። ይባላል እንጂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ውስጥ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ የተናገሩት 27 ከመቶ ወንዶችና 12 ከመቶ ሴቶች ናቸው። ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ግን «ሁሉም» አይደለም። የማይቅመው ልጅ ስለማይቅም አያወራም፣ የሚቅመው ግን ያወራል። ጀለሶቻችሁ ፊት ብቸኛው ፋራ እንደሆናችሁ ሲሰማችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ሕጉን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል፤ ሺሻን ደግሞ ለማንም። ጫት ግን ታክስ የሚከፈልበትና ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው። ተማሪዎች «ታዲያ መጥፎ ከሆነ ለምን ይሸጣል?» ብለው ሲጠይቁ መምህሩ መቆጣት የለበትም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ክርክር ይበቃል።

በእኔ እምነት ከሁሉ የከበደው የቅጣት ጉዳይ ነው። ጫት ይዞ የተገኘ ተማሪ ወላጅ አምጣ ይባላል፣ ሲደግም ይባረራል። ደንብ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ለእርዳታ የመጣውና በፍተሻ የተያዘው ልጅ እኩል የሚስተናገዱ ከሆነ ማንም ለእርዳታ አይመጣም። የክበብ አባላት የሆናችሁ ከመፈክር በፊት ርዕሰ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ አንድ ልጅ በራሱ ፈቃድ መጥቶ «አቃተኝ» ቢል ምን ይደረጋል? መልሱን አጽፋችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት። አጠገቡም ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ሣጥን ስቀሉ፤ መክፈቻው ልጆች በሚያምኑት አንድ መምህር እጅ ይሁን። ሣጥኑ በተሰቀለባቸው ት/ቤቶች መጀመሪያ የሚወጣው ቀልድና የፍቅር ደብዳቤ ነው፣ አትደንግጡ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ማን እንደጻፈው እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ በግራ እጅ የተጻፉ የሚመስሉ ወረቀቶች መምጣት ይጀምራሉ። የሚጠይቁትም ስለ ጉዳቱ ሳይሆን ማቆም ከየት እንደሚጀመር ነው።